አንድም ክኒን ሳይጓደል

ስለ አክስቴ ሲያወሩ የሰማሁት የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴና አንዲት ጎረቤታችን ከወረቀቱ ተንሸራታች በር ማዶ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከወዲህ የተኛሁ መስዬ አዳምጣለሁ።

«በላች?»

«ኧረ ምን ትበላለች! ስድስተኛ ቀኗ ነው።»

«የሐኪሙንስ መድኃኒት?»

«እሱን እንኳ...» የሚለው ላይ ድምፃቸው ይጠፋብኛል። ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ ወይም አለቀሰች። በዚያ ዕድሜ ሁለቱን በበር ማዶ መለየት አልችልም ነበር። አክስቴን ሰዎች ለጾም ከሚወጡበት የጸሎት ተራራ በጭነት መኪና ሲያወርዷት ግን አይቻለሁ፤ በዚያ ሙቀት በብርድ ልብስ ተጠቅልላ። ምን እንደነካት የነገረኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ስሜ ፕዮ ኢንጃ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ገበያ ውስጥ ሱሪ ሳሳጥር ኖሬ፣ ዓይኔ ሲደክም ማሽኑን ሸጥኩና በከተማችን የአእምሮ ጤና ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሰው አዳምጣለሁ። ዲግሪ የለኝም። የማውቀውን ያወቅሁት ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የታመሙትን ከሚጎበኙት ሴቶች አንዷ ነኝ፤ ክሊኒኩ ውስጥ ግን ይህን አላወራም። ደንቡም እንዲያ ነው፤ ስለ ሃይማኖት እኛ አናነሣም፣ በክፍሉ የተነገረም ከክፍሉ አይወጣም።

ዶክተር ባንግ ከሁላችንም ይልቅ ደንቡን ያከብራል። ግድግዳው ላይ ከቀን መቁጠሪያ በቀር ምንም የለም። ታካሚ ስለ ፓስተሩ ማውራት ሲጀምር ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ይጥልና «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» ይላል።

ባለፈው ሐሙስ ዮንዱ መጣች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ስሜቷን የሚያረጋጋላትን ሊቲየም የሚባል መድኃኒት መዋጥ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል አልተኛችም።

«አክስቴ፣ ተሳልኩ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ፤ ዘመዷ ባልሆንም በአክብሮት አክስቴ ብላ ነው የምትጠራኝ። «ሰባት ቀን ጾም፣ ከነገ ጀምሮ፣ ጸሎት ተራራው ላይ። እናቴ ሆድ ውስጥ ያገኙት ነገር አለ፤ የሚመጣው ሐሙስ ነው ውጤቱ።»

እጇን ያዝኩ።

«እዚያ ያሉት መድኃኒት ይዘሽ አትምጪ ይላሉ፤ እምነት ማጣት ነው ይላሉ። ዶክተሩ ደግሞ ጾም ሲሰማ ይቆጣል።»

«ጠይቆሽ ያውቃል?»

«እሱ?» ድምፁን አስመስላ «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» አለችና ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ጥበበኛ ሆንኩ። «መድኃኒቱንም የሰጠን እግዚአብሔር ራሱ ነው» አልኳት። «ጹሚ፤ ግን አንድም ክኒን እንዳታጓድዪ።»

ፊቷ በራ። «በአንድ ጉንጭ ውኃ እውጠዋለሁ! ማንም አያውቅም። አክስቴ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?»

ያን ቀን ቤቴ ስገባ እንዲህ ያለ ቃል በአፌ ስላኖረ አምላኬን አመሰገንኩ። ሌሎቹ ወይ ይሄ ወይ ያ ይላሉ፤ እኔ ሁለቱን አስታረቅሁ ብዬ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጠዋት መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ብርጭቆ ሳደራርብ ነርስ ሶል አንድ ሽማግሌ የታክሲ ሹፌር ላይ ስትጮህ ሰማሁ።

«አባባ፣ ይህን ክኒን እየዋጡ ጨው የሌለው ሾርባ ማን ፈቀደልዎ?»

«ሚስቴ ናታ። ለደም ግፊት ብላ።»

«ሊቲየም እኮ ነው! ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ መድኃኒቱን ማስወጣት ያቅተዋል፤ ይጠራቀምና ይመርዝዎታል። በነሐሴ ሙቀት፣ በባዶ ሆድ፣ ክኒን ከጨመሩበት በሳምንት ውስጥ ይሄዳሉ!»

«ወዴት?»

«አያቶችዎ ጋ!»

ሽማግሌው ተንከትክቶ ሳቀ። ብርጭቆዎቹ ከእጄ መውደቃቸውን የሰማሁት ሌሎቹ ዞር ሲሉ ነው። አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ብዬ ቆጠርኩ። ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው።

የዶክተር ባንግን በር ሳላንኳኳ ገባሁ። ሁሉን ነገርኩት። ሳወራ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ቀለሙ ነጥብ ሆኖ ሲሰፋ አየሁ።

«ክኒኑን እየወሰደች? እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ። እኔ ነኝ ያልኳት።»

ብታቆመው ይሻል እንደነበር አልተናገረም፤ ፊቱ ግን ተናገረ። ስልኳ ላይ ደወለ፤ ዝግ ነው። ተራራው ላይ ስልክ በር ላይ በቅርጫት ይሰበሰባል። የተራራውን ቢሮም ሞከረ፤ የጸሎት ሰዓት ስለሆነ የሚያነሣ የለም። አምቡላንስ ጠራ፤ ከሌላ አደጋ እስኪመለስ እንደሚዘገይ ነገሩት። ኮቱን ሳያነሣ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት።

መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው። የመኪናውን ቀበቶ በሁለት እጄ ይዣለሁ።

«ወይዘሮ ፕዮ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«በክፍሉ የተነገረ ከክፍሉ አይወጣም ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።» እውነት ነው፤ ግን ስናገረው አፈርኩ። «እርስዎስ ለምን አልጠየቋትም?»

መሪውን በኩርባው ላይ አዞረ። «አንድ ጊዜ ስለ እምነት ከጠየቅሁ ማቆም የሚያቅተኝ ይመስለኛል» አለ። «ያስፈራኛል።»

ያለው አልገባኝም። ትንሽ ቆይቼ ሳየው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ማየቴን ሲያውቅ ሳል አስመሰለው።

ግቢው ውስጥ ሦስት ሴቶች ጥላ ስር ተቀምጠዋል። የዮንዱን ስም ስጠራ አንዷ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «ዘመዷ ነሽ? ደስ ይበልሽ! ከትናንት ጀምሮ ጸጋ ወርዶላታል። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ በልሳን መናገር ጀመረች። እኛማ ስንት ዓመት ስንለምን!»

ዶክተር ባንግ ክንዴን ጨበጠኝ፤ አመመኝ። «የትኛው ክፍል ነው?» አለ።

አንድ ሰው ብቻ የሚንበረከክባቸው ክፍሎች በዳገቱ ላይ ተደርድረዋል፤ በራቸው እስከ ወገብ ነው። ጎንበስ ብዬ ስገባ የትውከት ሽታ ተቀበለኝ። ዮንዱ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ፈገግ አለችልኝ። ያ ፈገግታ ከሽታው ይልቅ አስፈራኝ።

«አክ...ስቴ። አንድም... አላጓደል...ኩም።»

የሳምንቱን የክኒን ሳጥን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ሳጥኑ በእጇ ላይ ይንኳኳል። የአርብ፣ የቅዳሜ፣ የእሑድ፣ የሰኞ፣ ሁሉም ባዶ ነው። ዶክተሩ ዓይኗን አየ፣ ጉልበቷን በጣቱ መታ አደረገ፤ እግሯ ወደ ላይ ተወረወረ።

ያን ጊዜ የቀትር ደወል ተመታ። ዮንዱ የማክሰኞን ክዳን ከፈተችና ክኒኑን ወደ አፏ ወሰደች። የእጇን አንጓ ያዝኩ። መንቀጥቀጧ በክንዴ አልፎ ጥርሴ ድረስ ደረሰ።

«ልቀቂኝ። አንቺ... አይደለሽ ያልሽኝ?»

«ተሳስቼ ነው ልጄ። በእግዚአብሔር ስጪኝ።»

«ጾሙንም... ጹሚ ያልሽው ተሳስተሽ ነው?»

ጣቷን አንድ በአንድ ከፍቼ ክኒኑን ወሰድኩ። ከሕፃን ልጅ የቀማሁ መሰለኝ።

ከበሩ ላይ ብርሃን ጠፋ። የቤቱ ኃላፊ እማማ ታክ በከዘራቸው ቆመዋል፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ይህን ቦታ በእጃቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው።

«ዶክተር ነህ አሉ። ድምፅህን ቀንስ፤ ሰው እየጸለየ ነው።»

«እማማ፣ ልጅቷ ተመርዛለች። አሁኑኑ መውረድ አለባት።»

«እናንተ መቼም! መንፈስ ሲወርድ መርዝ ነው፣ ሰው ሲያለቅስ በሽታ ነው። ልሳን ሰምተህ ታውቃለህ አንተ?»

ዶክተር ባንግ ተንበርክኮ እንዳለ ቀና አለ። ወደ እኔ አላየም።

«አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። እኔም በልሳን እጸልያለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ፣ መስኮት ዘግቼ። ክሊኒኩ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። እማማ፣ ይሄ ልሳን አይደለም። ምላሷ እየተሳሰረ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ኩላሊቷ ይቆማል፤ ከዚያ አእምሮዋ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ብናወርዳትም ያችው ልጅ አትመለስም።»

እማማ ታክ ከዘራቸውን አስደግፈው እንደምንም ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን ወደ ዮንዱ አፍ አስጠጉ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ያረጁ መሰለኝ።

«ትናንት ማታ በአርባ ሰው ፊት መሰከርኩላት» አሉ። ቀጥለውም «አንሷት» አሉ።

ዮንዱ ግን የበሩን መቃን በሁለት እጇ ያዘች። «አልሄድም! ሁለት ቀን... ነው የቀረኝ። ጾሙን ከፈታሁ እናቴ...»

ከታች በድንጋዩ ደረጃ ላይ የአምቡላንሱ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ሲወጡ ይሰማል። ዶክተሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እየታገለች ከወሰድናት መንዘፍዘፍ ሊጥላት ይችላል» አለኝ።

«እማማ» አልኩ፣ ድምፄ እየተሰበረ፣ «ሌላ ሰው ሊጨርስላት አይችልም?»

«ይችላል። ድሮ እንዲያ እናደርግ ነበር፤ የታመመን ሰው ስለት ጤነኛው ይሸከምለታል።» ወደ ዮንዱ ዞሩ። «እኔ እሸከምልሻለሁ ልጄ።»

«መድኃኒት ይወስዳሉ?» አለ ዶክተሩ ፈጠን ብሎ።

«የስኳር።»

«እንግዲያው አይሆንም! ሁለተኛ ቃሬዛ የለንም።»

«እኔ አለሁ» አልኩ።

ዮንዱ ራሷን ነቀነቀች። አየችኝ፤ አስተያየቷ የቂም መልክ አልነበረውም፤ ግን በእኔ ቃል ላይ ዳግመኛ መደገፍ ፈርታለች። ዓይኗ ዶክተሩ ላይ አረፈ።

«እርስዎ» አለች። «ነገና... ከነገ ወዲያ።»

የአምቡላንሱ ሰዎች በሩ ላይ ደርሰዋል፤ አንደኛው «ምን እንጠብቃለን?» አለ።

«ተደብቀው አይደለም» አለች ዮንዱ፣ ቃሉን ከምላሷ እየጎተተች። «ነርስ ሶል ምሳ ስትጠራዎት... ሆዴን አሞኛል እንዳይሏት።»

የዶክተሩ ጆሮ ቀላ። እጇ መቃኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ጥፍሮቿ ነጥተዋል።

«እሺ» አለ። «ሁለቱንም ቀን እጾምልሻለሁ። ከጠየቀችኝ ለምን እንደምጾም፣ ለማን እንደምጾም እነግራታለሁ። ካልጠየቀችኝም እነግራታለሁ።»