ፀሐይ ያለበት ወገን

ወልደሚካኤል እንደ ልማዱ ከእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች መሃል ተቀመጠ። የሱ ቡድን ግን ማዶ፣ ጥላው ውስጥ ሰውነታቸውን የሚያሟሙቁት አረንጓዴ ለባሾቹ ናቸው። ዛሬ የመጨረሻ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታቸው ነው፤ ትንሹ ኮሌጃቸው ከዚህ ወዲያ ቡድኑን ሊዘጋው ወስኗል።

«ዳድ፣ ኢትስ ዘ ላስት ጌም» አለች ልጁ ሀሴት፣ ወደ ማዶ በአገጯ እያሳየች። «ጋሼ ሩፋኤል ብቻውን ነው። ዛሬ እንኳ እንሻገር።»

«እኔ ነኝ የምሻገረው? እሱ እግር የለውም?»

ነገሩ የቆየ ነው። እሱና ሩፋኤል አሜሪካ አዲስ መጤ ሆነው ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተው ሲኖሩ፣ የሚሠሩበት ዌርሃውስ አለቃ የአረንጓዴዎቹን ጨዋታ ትኬት ሰጣቸው። ሩፋኤል ሺፍቱን ጨርሶ እስኪመጣ ወልደሚካኤል ቀድሞ ገባ። የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ፀሐይ ያረፈበትን ወንበር መርጦ ተቀመጠ። ደጋፊ በወገን ተለይቶ እንደሚቀመጥ ማን ነግሮት! አረንጓዴዎቹ ኳሱን ከመጨረሻው መስመር አሻግረው ታችዳውን ሲያገቡ ብቻውን ዘሎ ተነስቶ ጮኸ። ዙሪያው ያለው ሁሉ አፈጠጠበት። ዘግይቶ የደረሰው ሩፋኤል ከማዶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መሳቁስ ይሳቅ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት፣ «ጠላት ሰፈር ገብቶ የፎከረው ጀግና ይኸውላችሁ!» አለ። ሴቶቹ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ወልደሚካኤል ከዚያ ወገን ንቅንቅ አላለም። ለጠየቀው ሁሉ «ፀሐይ ስላለ ነው» ይላል። ለቅሶም ሰርግም ላይ ከሩፋኤል ጋር ሰላም ይባባላሉ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ኳስ ማየት ግን ቀረ።

«አሁን ይሄ ቡድን ነው?» አለ ለሀሴት። «ኳርተርባኩን ያሰለጥናሉ፤ ልጁ ኳስ መወርወር ሲያውቅ ትልቁ ኮሌጅ በትራንስፈር ይወስደዋል። ኮቹም የገዛውን ቤት ቀለም ሳይቀባ ይባረራል። ተከላካዮቹን እያቸው! ሰው ሲያልፍ በር የሚከፍቱ ነው የሚመስሉት።»

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

ብርድ ልብሱን ወደ ጉልበቱ ሳበ። ያኔ አረንጓዴዎቹ ሰው ነበሩ። ልጆቹ አራት ዓመት እዚያው ይቆያሉ፤ ከጨዋታ በኋላ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ እጅህን ይጨብጡሃል። ከተማው ሁሉ የትልቁን ዩኒቨርሲቲ ቀይ ሲለብስ እሱና ሩፋኤል፣ «እኛንም የሚያውቀን የለ፣ እነሱንም የሚያውቃቸው የለ» ብለው ነበር እነዚህን የመረጡት።

አረንጓዴዎቹ በሰፊው እየተመሩ ነው። ድንገት አንድ ቀጭን ልጅ ኳሱን አቅፎ ከሰው መሃል ሾልኮ ወጣ፤ ሮጠ፤ ገባ!

ወልደሚካኤል ዘሎ ተነሳ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። ዛሬም ዙሪያው ያለው ሰው አፈጠጠበት። ማዶ ሩፋኤልም ተነስቷል። መዳፉን ከፍ አድርጎ፣ ጎኑ ካለ ሰው ጋር ሊያጋጭ ዞረ። ጎኑ ማንም የለም፤ ወንበሩ ላይ ቦርሳው ብቻ ነው ያለው። እጁ ትንሽ አየር ላይ ቆየና ኮፍያውን አስተካክሎ ወረደ።

ወልደሚካኤል ብርድ ልብሱን ጠቀለለ።

«ዌር አር ዩ ጎይንግ?» አለች ሀሴት።

«ወዴት ይመስልሻል? ተነሽ።»

በጎሉ ጀርባ ዞረው ሲደርሱ ሩፋኤል ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አነሳ።

«ለማን ይዘህ ነው?» አለ ወልደሚካኤል።

«ለአንድ ግትር።» ሩፋኤል ቦርሳውን እግሩ ሥር አኖረ። «ያኔ በሰው ፊት መሳቄ… ደግ አልነበረም።»

ወልደሚካኤል ተቀመጠ። የብረቱ ቅዝቃዜ በሱሪው አልፎ ገባ። «ኧረ በስመ አብ! እዚህ ነው እስከ ዛሬ የተቀመጥከው?»

«አዎ።»

«እና ያኔ ሞኙ እኔ ነበርኩ?»

ሩፋኤል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወልደሚካኤል የብርድ ልብሱን ጫፍ ወረወረለትና ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ። አረንጓዴዎቹ አሁንም እየተሸነፉ ነበር።