የአባወራው ጉሮሮ

የመጀመሪያዋ የርግብ ጫጩት ስትሞት ሽማግሌው ጫማ ሰፊ ጥፋቱን በእናትየው ላይ ደፈደፉት። ጣሪያው ላይ ካለው የእንጨት ሳጥን ፊት ቆመው፣ «አንቺ ሰነፍ! ባልሽ ሲንከራተት አንቺ ላባሽን ታበጥሪያለሽ» ብለው ወረዱባት።

ወንዱን «አባወራው» ይሉታል። ወፍራም ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ሲንጎማለል ሰፈሩን የገዛ ይመስላል። እህል ሲበተን ቀድሞ ለቅሞ፣ ሮጦ ሄዶ፣ የልጆቹን አፍ በአፉ ይዞ ከጉሮሮው እያወጣ ያጎርሳል። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እሳቸውም ቤት ውስጥ እንደዚያው ናቸው። ልጃቸው ሥራ ስትውል ሕፃኗን የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሾርባውን እፍ እፍ ይሉና፣ ቀምሰው፣ በዚያው ማንኪያ ያጎርሷታል።

ሳል ከጀመራቸው ከርሟል። ልጃቸው «ክሊኒክ ሂድ፣ አባዬ» ብላ ብትወተውት፣ «የማጣበቂያው ሽታ ነው» እያሉ ያልፏታል። እውነቱን ለመናገር ሐኪሙ የሚላቸውን ፈርተው ነበር። ሰሞኑን ሕፃኗም ማሳል ስትጀምር ደግሞ «ብርድ ነው» አሉ።

ሁለተኛዋ ጫጩትም ተራዋን ደከመች። አፏን ትከፍታለች፣ ትጎርሳለች፣ መዋጥ ግን አቃታት። እህል ቢጨምሩ ለውጥ የለም። ቢጨንቃቸው ርግብ የሚያረባውን ቧንቧ ሠራተኛ ጎረቤታቸውን ጠሩት።

ቧንቧ ሠራተኛው የጫጩቷን አፍ ከፍቶ አሳያቸው፤ ጉሮሮዋን ቢጫ ነገር ዘግቶታል። የእናትየውን አየ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ አባወራውን ያዘና አፉን ፈለቀቀ። ያው ቢጫ።

«ይኸውና ጋሼ። ከሱ ነው የያዛት።»

«እሱማ ጤነኛ ነው! ውፍረቱን አታየውም?»

«እሱ ትልቅ ስለሆነ ይችለዋል። እሷ ናት የማትችለው። ባጎረሳት ቁጥር በሽታውን ይሰጣታል።»

«እየወደዳት?»

«ባይወዳት መቼ ያጎርሳት ነበር፣ ጋሼ?»

አባወራውን ለብቻው በሽቦ ሳጥን አስገቡት፤ ቧንቧ ሠራተኛው መድኃኒት ሊያመጣ ወረደ። ወንዱ ርግብ በሽቦው ቀዳዳ አፉን እያሾለከ ወደ ልጁ ሊደርስ ይታገል ጀመር። ሽማግሌው ይህን እያዩ ሳል ያዛቸው። ማንም በሌለበት ጣሪያ ላይ አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፈኑ።

ልጃቸው ከሥራ ስትገባ ሾርባው ቀዝቅዟል፤ ሕፃኗ ወንበሯ ላይ ታለቅሳለች። አባቷ በሩ ጋ ቆመዋል።

«እስካሁን አላበላሃትም እንዴ፣ አባዬ?»

«አንቺ አብያት። በሌላ ማንኪያ።»

«ምን ሆነሃል?»

«ነገ ከሥራ ቅሪና ክሊኒክ ውሰጂን። እኔንም እሷንም። ማጣበቂያው አይደለም፣ ልጄ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

ልጃቸው ሌላ ማንኪያ አንሥታ ሾርባውን ወደ ሕፃኗ አስጠጋች። ሕፃኗ ግን ፊቷን መለሰች፤ ወደ በሩ ዞራ ለአያቷ አፏን ከፈተች።