ትርፍ ጠርዝ

መጽሐፍ ጠራዡ ዕድሜውን የፈጀው የሌሎችን የጉዞ መጻሕፍት ሲሰፋ፣ ሲያጣብቅና ሲከረክም ነው፤ እርሱ ራሱ ግን ከአክስቱ ቤት አልፎ አያውቅም። ስለዚህ ነርሷ ታናሽ እህቱ፣ «የዓመት ፈቃዴን ቆላ ወርጄ በእግሬ ልዞር ነው፤ ትመጣለህ?» ስትለው ልቡ እንደ ልጅ ዘለለ።

«ግን ወንድም ጋሼ፣ እንደ ባለፈው ቤትህን ነቅለህ ከመጣህ አልወስድህም» አለችው። ባለፈው ማለት፣ አክስታቸው ዘንድ ለሁለት ቀን ሲሄዱ ካፖርቱን፣ መዝገበ ቃላቱንና ትራሱን ይዞ መጥቶ፣ መንገዱን ሁሉ እርሷን ያሸከመበት ጊዜ ነው። «እዚያ ወበቅ ነው። ወፍራም ልብስ አንዴ በላብ ከራሰ አይደርቅም። አንዱን ትለብሳለህ፣ አንዱን ታጥባለህ፤ አለቀ! ሻንጣህን በትንሿ ጣቴ ካላነሳሁት አውቶቡሱ ላይ አትወጣም።»

ጠራዡ ነገሩን በሙያው ዓይን ተረዳው። በእርሱ እምነት ዓለም የተፈጠረችው ከነትርፍ ጠርዟ ነው፤ ጥበብም ማለት ጽሑፉን ሳይነኩ ትርፉን መከርከም ነው። ካፖርቱን፣ ጂንሱንና መዝገበ ቃላቱን አስወጣ፤ እስከዚህ ደግ ሠራ። ከዚያ ግን ሥራው ሞቀው። ፎጣውን ለሁለት ከፈለ፤ ግማሹን አገላብጦ አይቶ፣ «የሚታየው ፊት ነው፤ ጀርባዬ ራሱ ይደርቃል» በማለት እንደገና ከፈለው። የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ ቆረጠ። የሸሚዙን እጅጌ ከትከሻው፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ጎመደው። የሳሙናውን ማዕዘናት ሳይቀር ሸራረፈ። ለመንገድ ከያዘው፣ ስለ ቆላው አገር ከሚያወራው መጽሐፍ ላይ መቅድሙን ሲገነጥል ብቻ ለአፍታ ዘገነነው።

የሰው ልጅ ስንቱን ከጣለ በኋላ ነው ራሱን መጣል የሚጀምረው? ይህን እያሰላሰለ ሳለ ዓይኑ ከሻንጣው ማንገቻዎች ሥር በተንጠለጠሉት ረጃጅም ጥብጣቦች ላይ አረፈ። አይሸከሙ፣ አይዘጉ፣ እንዲያው ሥራ ፈትተው የሚወዛወዙ! ሻንጣው ከሱቅ እንደመጣ ማንገቻዎቹ እስከ መጨረሻው ተስበው አጥረው ስለነበር ትርፉ ብዙ ነበር። ከዘለበቶቹ ሥር በቢላዋው ቀነጠሳቸው፤ የቀረው ጫፍ ከዘለበቱ እንዳይሾልክም በጠራዥ ክር አጥብቆ ሰፋው። ሥራው አማረለት።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያው ላይ እህቱ ሻንጣውን በትንሿ ጣቷ አነሳችው።

«ኧረ ጉድ! ባዶ ነው እንዴ?»

«ሙሉ ነው። ተከርክሞ ነው» አላት ደረቱን ነፍቶ።

«እስቲ እዘለው።»

አንድ ክንዱ ገባ። ሁለተኛው ክርኑ ላይ ቆመ። ጎንበስ አለ፣ ተጠማዘዘ፣ በቦታው ሁለት ጊዜ ዞረ።

«አባባ፣ የልጅዎን ቦርሳ ነው እንዴ ይዘው የመጡት?» ብሎ የአውቶቡሱ ረዳት ከበሩ ላይ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ሳቀ።

እህቱ ማንገቻውን መረመረች። «ጥብጣቦቹስ?»

«ትርፍ ነበሩ።»

«ወንድም ጋሼ! እነሱ እኮ ለትከሻህ የተተዉ ናቸው!» አለችና በሳቅ ተንከትክታ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እርሱ አልሳቀም። የአውቶቡሱ ሞተር ተነሥቷል። ቀኑን ሙሉ በእግር ሲሄዱ ሻንጣ ታቅፎ እንደማይዘለቅ ያውቃል፤ ሲሰፋው የኖረው መንገድ ሁሉ ደግሞ በዓይኑ ፊት ሊያመልጠው ነው። «በቃ፣ አንቺ ሂጂ» አለ አቀርቅሮ።

«ማን ሂጂ ይለኛል?» ብድግ ብላ የእርሱን ሻንጣ በቀጭን ትከሻዋ ላይ አጠለቀችው፤ ተለክቶ የተሰፋላት መሰለ። ወደ ራሷም ሻንጣ በአገጯ አመለከተችው። «አንሣ እንግዲህ።»

አነሣው፤ ወገቡ ተንቋቋ። «አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የከተትሽበት?»

«ላንተ የሚሆን ሙሉ ፎጣ ነው። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ እጀታ ያለው የጥርስ ብሩሽ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አንተን አላውቅህም እንዴ? ወይ ቤቱን ትነቅላለህ፣ ወይ እርቃንህን ትወጣለህ። መሃሉን መቼ ታውቀዋለህ?»

ጠራዡ ሸክሙን አዝሎ የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጣ፣ ወበቁ ሳይደርስበት ላቡ በጀርባው ይንቆረቆር ጀመር።

«ከበደህ?» አለችው ከኋላው፣ እጆቿን እያወናጨፈች።

«ምን ይከብዳል!» ብሎ ዋሸ።

«እንግዲያው ፈጠን በል፤ ሰው ይጠብቃል» አለችና፣ ጀርባው ላይ ያለውን ሻንጣ በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ላይ ገፋችው።