ከአብዱልገኒ ይበልጥ

እሑድ ከሰዓት፣ ሊባኖስ፣ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር ውስጥ ጴንጤዎቹ ለአምልኮ የተከራዩት አዳራሽ ወንበሩ ዞር ዞር ይልና ክፍል ይሆናል። አስተማሪዋ መቅዲ ናት። ጠዋት ስትዘምር ትቆይና ከሰዓት ክርስቲያን ሙስሊም ሳትል የአገሯን ልጆች ለእንግሊዝኛ ፈተና ታዘጋጃለች። ፈተናውን ያለፈ በኢንተርኔት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል። ከሪማ ከሐምራ ሰፈር ድረስ የምትመጣው ለዚሁ ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ አሠሪዋ ማዳም ቤት ስድስቱን ቀን አፏን ዘግታ ስለምትሠራ፣ እሑድ ሳቅ ከጀመራት መመለሻ የላትም።

የዚያ ቀን ትምህርት ማወዳደር ነበር።

«ሰውን ከሰው፣ ዕቃን ከዕቃ!» አለች መቅዲ ሰሌዳውን እየመታች። «ፈታኞቹ ወጥመድ የሚዘረጉት እዚህ ጋ ነው። ያላ፣ እየወጣችሁ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ!»

ከሪማ ቀድማ ወጥታ በእንግሊዝኛ ጻፈችና ኮራ ብላ አነበበች። መቅዲ ወደ አማርኛ መለሰችው፦ «የማዳሜ ውሻ አልጋ ከእኔ ይሰፋል።»

«አዎ፣ ይሰፋል።»

«ከአንቺ ነው ከአልጋሽ?»

ከሪማ ሰሌዳውን አየች፤ ራሷን ቁልቁል አየች። «ያኒ... ማለቴ፣ ሁለቱም እውነት ነው!» አለችና በሳቅ ፍርስ አለች። ጓደኛዋ ሐናን ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። መቅዲ «ሚ» የሚለውን አጥፍታ «ማይን» ብላ ጻፈች፤ ከሪማም ከአልጋ ጋር ከመወዳደር ተገላገለች።

ቀጥሎ ኸይረዲን ወጣ። ዛልቃ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። ለወራት ከከሪማ ጋር «ቦንጁር» ከመባባል አላለፈም። ማርከሩን ይዞ ቆመ፣ ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ ተጣድፎ ጻፈና ዞር አለ።

በእንግሊዝኛ የጻፈው «ከአብዱልገኒ ይበልጥ ከሪማን እወዳታለሁ» ይላል።

የከሪማ ልብ ዘለለ። ከእሷ ቀድሞ ግን አብዱልገኒ ብድግ አለ። የኸይረዲን የልብ ጓደኛ ነው፤ በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው፣ ሐምራ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ።

«ከእኔ ይበልጥ? ታመህ ሆስፒታል ተሸክሜህ የሄድኩት እኔ አይደለሁም?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም!»

«ታዲያ እኔ ከምወዳት በላይ ትወዳታለህ ማለት ነው? እኔ መቼ ወደድኳት አልኩህ?»

መቅዲ በደስታ አጨበጨበች። «ይሄ ነው! ፈተና ላይ የሚመጣው ይሄ ነው! ሁለት ትርጉም አለው! ወይ አብዱልገኒን ከሚወደው በላይ እሷን፣ ወይ አብዱልገኒ እሷን ከሚወዳት በላይ እሱ። አንዲት ረዳት ግስ ብትገባ ይለይለታል። የቱ ነው?»

«ሁለተኛው ሊሆን አይችልም!» ሲል አብዱልገኒ ጮኸ። «እኔ የምወደው ሐናንን ነው!»

ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማው። ሐናን ሻርቧን አፏ ላይ ያዝ አድርጋ ቀስ ብላ፣ «ከማን ይበልጥ?» አለችው።

«ከሰው ሁሉ ይበልጥ!»

«ከሌላው ሰው ሁሉ!» አለች መቅዲ። «እሷም እኮ ሰው ናት!»

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ዝም የሚያሰኝ ጠፋ። ጠረጴዛ የሚደበድብ፣ ዓይኑን የሚያብስ፣ «ኸላስ፣ በቃኝ፣ ሆዴ!» የሚል ሆነ። በግርግሩ መሐል ኸይረዲን በእጅጌው «ከአብዱልገኒ ይበልጥ» የሚለውን ጠረገው። የቀረው «ከሪማን እወዳታለሁ» ብቻ ሆነ።

ከሪማ ተነሣች። ማርከሩን ከእጁ ወስዳ ሥሩ «እኔም» ብላ ጻፈች።

«አንቺም ከሪማን ትወጃታለሽ፣» አለች መቅዲ ከንፈሯን ነክሳ፣ «ወይስ አንቺም እሱን?»

«ቲቸር፣ በአላህ! እሱን ነው!»

ፈተናው በሰኔ መጣ። ከሪማና ሐናን አለፉ። አብዱልገኒም «ከሌላው ሁሉ» የምትል ጥያቄ አግኝቶ እየሳቀ ሠራና አለፈ። ኸይረዲን ግን ወደቀ፤ ከሪማ ማታ ማታ በስልክ እያስጠናችው በሁለተኛው ሙከራ አለፈ።

የሁለቱም ጥንዶች ኒካሕ በአንድ ቀን፣ አብዱልገኒ በሚጠብቀው ሕንፃ ምድር ቤት ታሰረ። መቅዲ እልልታዋን ስታቀልጠው ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሊባኖሳዊት አሮጊት በነጠላ ጫማ ወርደው፣ «ሹ ፊ?» ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ነገሯቸውና ባቅላዋ አጎረሷቸው። አሮጊቷ የጎረሱትን ሳይውጡ የከሪማን እጅ ይዘው የአገራቸውን ጭፈራ፣ ዳብኬ ጀመሩ፤ ሙሽሮቹም፣ መቅዲም፣ ከበር ውጪ የቆመው የታክሲ ሾፌር ሳይቀር፣ እግር ለእግር እየተረጋገጡ ተከተሏቸው።