በካርዱ ላይ የሌለው

ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ገና የኦክ ዛፎቹን አናት ሳታልፍ፣ የአርዲት እግሮች በአዲሱ ቡት ጫማ ውስጥ አብጠው ነበር። ጫማው እስከ ጉልበት የሚደርስ ቆዳ ነው፤ ለመጸው የተገዛ። የወር መቁጠሪያው መጸው ገብቷል ይላል፤ አየሩ ግን በጋውን ገና አልጨረሰም። ቢሆንም በሚሲሲፒ አንዲት ሴት በጥቅምት የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ቀን ነጠላ ጫማ አድርጋ ከቤቷ አትወጣም። ላብ ቢያጠምቃትም ቡቷን ታጠልቃለች፣ የሉል ሐብሏን ታስራለች፣ የቡድኑን ቀይ ቀሚስ ትለብሳለች። አርዲት በስልሳ ሦስት ዓመቷ ይህን ደንብ አንድ ቀን እንኳ አፍርሳ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ደንቡን ያወጣውን ሰው ብታገኘው በዚሁ ቡት ትረግጠው ነበር።

ያናደዳት ጫማው ብቻ ቢሆን በታደለች። ቀኝ እጇ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ በጄሶ ታስሯል። ከሦስት ሳምንት በፊት ከበረንዳዋ ደረጃ ወድቃ ነው። ጄሶው ከቀሚሷ ጋር እንዲሄድ በቀይ የሐር ሻሽ ጠቅልላዋለች። ያያት ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላታል፤ «ያምሻል ወይ?» ያላት ግን አንድም ሰው የለም። በቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ድንኳን ሥር፣ ታጣፊ ወንበር ላይ፣ እንደ እንግዳ ተጎልታ ሌሎች ሲሠሩ ታያለች። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ድንኳን ሥር ቁጭ ብላ አታውቅም።

በየዓመቱ ትልቁ ጨዋታ በሚደረግበት ቅዳሜ ሴቶቹ ከስታዲየሙ አጠገብ፣ ዛፎቹ ሥር ባለው መስክ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፈው፣ የብር ሻማ ማቆሚያ ደርድረው ምሳ ይሸጣሉ። ገቢው ችግር ለደረሰበት ሰው ነው። ዘንድሮ ተራው የኔቲ ክሮውሊ ሆኗል፤ ባሏ በሞተ በዓመቱ ቤቷ ከነዕቃው ተቃጥሎባታል። ሰው ወደዚህ ድንኳን የሚጎርፈው ግን አዝኖ ብቻ አይደለም፤ የአርዲትን ፍርፍር ሽቶ ነው። የበቆሎ ዳቦ ተፈርፍሮ፣ በሽንኩርትና በቅመም ቅጠል ታሽቶ፣ በዶሮ መረቅ ርሶ ምድጃ ውስጥ የሚጋገረው ፍርፍር በዚያ አገር የማይሠራበት ቤት የለም። የአርዲት ግን ከላዩ ቡኒ፣ ከውስጡ ቅቤ ነው፤ አንዱ ጉርሻ ሌላውን ይጠራል።

ዘንድሮ የሠራችው ምራቷ ዴልፊን ናት።

«ቀምሰሽዋል?» አለች ማክሲን አጠገቧ መጥታ። ማክሲን የድንኳኑ አለቃ ናት፤ ከአርዲት ጋር አርባ ዓመት እየተፋቀሩም እየተነካከሱም የኖሩ ናቸው።

«አልቀመስኩም።»

«ቅመሺውና ፍረጂ። እኔስ አሸዋ የቃምኩ ነው የመሰለኝ።» ማክሲን ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እሷ ዝቅ ስታደርግ ደግሞ ሦስተኛው ድንኳን ድረስ ይሰማል። «ልጅቷስ ለፍታለች። እግዜር ይባርካት።»

በዚያ አገር ሴት ስለ ሴት «እግዜር ይባርካት» ካለች፣ ያቺ የተባረከችው አልቆላታል ማለት ነው። አርዲት ሹካውን በግራ እጇ ተቀብላ ቀመሰች። ፍርፍሩ አፏ ውስጥ ተበተነ። ጨውም አላነሰውም፣ ቅመምም አልጎደለውም። የጎደለውን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያጎደለችው ራሷ ናትና።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዴልፊን የአርዲትን ልጅ ሮይስን ልታገባ አንድ ሳምንት ሲቀራት ሴቶቹ ተሰብስበው እንደ ልማዳቸው ለሙሽራዋ የሙያቸውን ሰጧት፤ እያንዳንዷ ያወቀችውን ምግብ አሠራር በራሷ እጅ ጽሑፍ በካርድ ላይ አስፍራ። አርዲትም የፍርፍሯን ካርድ በሪባን አስራ ስታበረክት ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። በዚያ ከተማ አሠራር ሲሰጥ አንድ ነገር ማስቀረት ደግሞ ነውር አይደለም፤ የማክሲን የካራሜል ኬክ አሠራር በሠላሳ ቤት ይገኛል፣ ኬኩን የሚሠራው ግን አሁንም አንድ ቤት ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይስቃል።

የአርዲት ግን ለሳቅ አልነበረም። እናቷ በዶሮ ማረጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ማታ ማታ ማንም የማይፈልገውን የዶሮ እግር በከረጢት ይዛ ትመጣና ጥፍሩን ቆርጣ፣ ቆዳውን ገፍፋ፣ መረቁ እስኪወፍር ድረስ ታፈላዋለች። ፍርፍሩን ቅቤ የሚያደርገው ያ መረቅ ነው። ትምህርት ቤት ሳሉ እነ አርዲትን ልጆች «እግር በላዎች» እያሉ ያሳድዷቸው ነበር። ባለ ነጭ ጠረጴዛ ልብስ ቤተሰብ ውስጥ ካገባች በኋላ እግሩን ሌላ ከተማ ሄዳ ትገዛለች፣ መጋረጃ ዘግታ ትቀቅላለች፣ አጥንቱን በጋዜጣ ጠቅልላ ትጥላለች። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማው ትልልቅ ሰዎች የዶሮ እግር ሲያጣጥሙ ኖረዋል፤ ቢያውቁ ምን እንደሚሉ ማሰብ አትፈልግም።

ይህ ሁሉ ምስጢር ሆኖ ይኖር ነበር፣ ሮይስ ባለፈው ረቡዕ ባይመጣ ኖሮ።

«እማ፣ ኦሪገን ሥራ አግኝቻለሁ» አላት ቆሞ እንዳለ። «እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ።»

«ኦሪገን? የአገሩ ጫፍ? ዴልፊንስ ምን አለች?»

«እንሂድ አለች። እናትህ ቤት ሦስት ዓመት እንግዳ ሆኛለሁ አለች።» ሮይስ ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ። «የለም፣ ተሳስተሻል ልላት ፈልጌ ነበር። ማስረጃ አጣሁ።»

ሰኞ ማለት ከነገ ወዲያ ነው። እነሱ ከሄዱ የሁለት ዓመቷ ጁኒም ሄደች ማለት ነው፤ አሁን «ናኒ» የምትላትን አርዲትን ከዓመት በኋላ በስልክ መስኮት የምታያት አሮጊት ታደርጋታለች። ይህን ባሰበች ቁጥር ንዴቷ ወደ ዴልፊን ይዞራል። ምን ዓይነት ሴት ናት? በየምስጋና በዓሉ ያንኑ ደረቅ ፍርፍር ይዛ ትመጣለች፤ ዘመድ «ይሄ ፍርፍር ዝናብ ይሻል» እያለ ይቀልዳል፤ እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ በዓመቱ ደግሞ ያንኑ። አንድ እንቁላል አትጨምርም? አንድ ጭልፋ ቅቤ? ካርዱን እንደ ዳዊት ትደግመዋለች እንጂ ፈቀቅ አትልም።

ዛሬም አለባበሷ ሳይቀር ያበሽቃል። እጅጌ የሌለው ቀይ ጥጥ ቀሚስ፣ ጠፍጣፋ ነጠላ ጫማ፣ ሐብል የለ፣ ምን የለ። ሴቶቹ ከእግር እስከ ራስ አይተዋታል። እሷ ግን አላላባትም። አርዲትን የበለጠ ያናደዳትም ይኸው ነው።

ሰልፉ እኩለ ቀን ሳይሆን መሳሳት ጀመረ። ሳህኖች ሥጋቸው ተበልቶ ፍርፍሩ ዳር ተገፍቶ ይመለሳሉ። አንድ ቀይ ክራባት ያሰረ ወፍራም ሰውዬ ሹካውን ፍርፍሩ ላይ ሰክቶ፣ «ይሄ ነገር ከኔቲ ቤት ቃጠሎ የተረፈ ነው እንዴ?» አለና ጓደኞቹን አሳቀ። ኔቲ ከሁለት እርምጃ ርቀት የሎሚ ጭማቂ እየቀዳች ነበር። ማሰሮውን አስቀምጣ መሐረቧን ከቦርሳዋ መፈለግ ያዘች።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች ዴልፊን፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ። ለሰውዬው ሥጋ ጨመረችለትና ባዶ የበረዶ ሳጥን አንስታ ከድንኳኑ ጀርባ ወዳለው መኪናዋ ሄደች።

አርዲት ከወንበሯ ተነሣች። ቡቱ እየነከሳት ተከተለቻት።

«ዴልፊን።»

«አቤት ሚስ አርዲት።» ዴልፊን አልዞረችም።

«ፍርፍሩን...»

«እንደ ካርዱ ነው የሠራሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ቃል በቃል። አንዷን ማንኪያ እንኳ አላዛነፍኩም።»

«ሰው እኮ አንዳንዴ ከራሱም ይጨምራል» አለች አርዲት። ልትል የመጣችው ይህን አልነበረም። ምላሷን ብትቆርጠው በወደደች።

ዴልፊን ዞረች። «ምን ልጨምር?»

ከስታዲየሙ በኩል ከበሮ ይሰማል። አርዲት ሻሿን አስተካከለች፤ ሻሹ ምንም አልሆነም ነበር።

«ዝም ካሉ እኔ ልንገርዎ?» አለች ዴልፊን። «አያቴ ለሠርጋችን ከሉዊዚያና መጥታ እርስዎ ቤት እራት በልታለች፤ ያስታውሳሉ? ሁለተኛውን ጉርሻ ሳትውጥ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ ‹ሴትየዋ የዶሮ እግር ታውቃለች፤ ደህና ቤት ገብተሻል› አለችኝ። እኛ ጋ እግር የማያፈላ ቤት የለም። ደስ አለኝ። ካርዱ ላይ ሳጣው ረስተውት ነው አልኩ። ሲያስታውሱ ይነግሩኛል ብዬ እንደ ካርዱ ሠራሁ። በሁለተኛው ዓመት ግን እነ አጎት ሲስቁ እርስዎም አብረው ሳቁ።»

አርዲት መሳቋን ታስታውሳለች። አፏን በናፕኪን ሸፍና ነበር።

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ እያወቅሽ...»

«ስጠብቅዎ ነበር።»

ዴልፊን የመኪናውን የኋላ በር ከፈተች። በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በሳጥን ውስጥ፣ ሌላ ትልቅ ትሪ ተቀምጧል። ፎጣውን ስትገልጠው እንፋሎቱ ወጣ። አርዲት መቅመስ አላስፈለጋትም። ሽታው የእናቷ ቤት ነው።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አውጪው እንጂ ልጄ! ሰው እኮ እየሄደ ነው! ኔቲ...»

«አላወጣውም።» የዴልፊን ድምፅ ቁጣም እንባም ነበረበት። «ምን አድርገሽበት ነው ሲሉኝ ምን ልበል? የእርስዎ ነው። ካልሰጡኝ ሰርቄዎታለሁ ማለት ነው። የተሰረቀ ነገር ለኔቲ አላቀርብም።»

«እንግዲያውስ ሰጥቼሻለሁ። ይኸው፣ ሰጥቼሻለሁ!»

«ከመኪና ኋላ? ያንን ካርድ የሰጡኝ በሰው ፊት ነው፣ ሚስ አርዲት። እያጨበጨቡልዎ።»

አርዲት በዚህች ልጅ ተናዳለች፤ እውነት ስለተናገረች ደግሞ የበለጠ ተናዳለች። «ይዘሽው ነይ» ብላ ዞረችና ወደ ድንኳኑ መራመድ ጀመረች። ከኋላዋ የመኪናው በር ሲዘጋና ነጠላ ጫማው ሳሩ ላይ ሲከተላት ሰማች።

ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ማክሲን ትሪውን አየችው። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ዴልፊን ገና በእጇ እንደያዘችው ማክሲን ማንኪያ ሰድዳ ቀመሰች። ዓይኗ ፈጠጠ። «አርዲት! አንቺ ጉደኛ! ይሄማ ያንቺው ነው! በአንድ እጅሽ መቼ ሠራሽው? ኑ፣ ኑ፣ የአርዲት ፍርፍር መጣ!»

ሴቶቹ እጃቸውን እየጠራረጉ መጡ። አንዷ ማጨብጨብ ጀመረች። ኔቲ ቀና አለች። ወፍራሙ ሰውዬ እንኳ ሳህኑን ይዞ ተመለሰ። አርዲት ፈገግ ብትል ይበቃ ነበር፤ ምንም ሳትዋሽ፣ ፈገግ ብቻ ብትል። ዴልፊን ትሪውን እንደያዘች አርዲትን ታያለች።

«የእኔ አይደለም» አለች አርዲት። «የዴልፊን ነው።»

ጭብጨባው ቆመ።

«እንዴት የዴልፊን? ጠዋት የሠራችውን ቀመስነው እኮ!» አለች ማክሲን።

«የጠዋቱ በእኔ ካርድ የተሠራ ነው። ካርዱ ላይ ያልጻፍኩላት ነገር አለ። ላስቀርባት ብዬ ሳይሆን... አፍሬ ነው።» ሁሉም ፊት ወደ እሷ ዞሯል፤ ሉሉ፣ የተኳለው ዓይን፣ አርባ ዓመት አብረዋት የኖሩ ሰዎች። «መረቁ የሚፈላው በዶሮ እግር ነው። እናቴ ከማረጃ ቤት...»

ልክ በዚያች ቅጽበት ተጫዋቾቹ፣ ከየጨዋታው በፊት እንደ ልማዳቸው ከማርሽ ባንዱ ጋር ተሰልፈው በሰው መሃል ወደ ስታዲየሙ ሊያልፉ፣ በዛፎቹ መካከል ብቅ አሉ። ሜዳው ሙሉ ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጮኸ፤ ከበሮው፣ መለከቱ፣ ፉጨቱ የድንኳኑን ሸራ አርገበገበው። የአርዲት ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታየ እንጂ ከአፏ የወጣው ለራሷም አልተሰማትም። ሃያ አንድ ዓመት የደበቀችው፣ ከዚያ በፊትም ዕድሜ ልኳን የሸሸችው ነገር ወጥቶ ማንም ጋ ሳይደርስ ቀረ።

«ምን አልሽ?» ማክሲን እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጮኸች። «አልሰማሁሽም!»

ሰልፈኞቹ እያለፉ ነው። ጩኸቱ ከእነሱ ጋር ወደ ስታዲየሙ እየራቀ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ ያኔ ደግሞ እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች። የነበራትን ድፍረት በአንዴ አውጥታ ጨርሳለች፤ ሌላ ከየት እንደምታመጣ አላወቀችም።

የዴልፊን ክንዶች ከትሪው ክብደት የተነሣ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል፤ ጠረጴዛው ግን ከፊቷ ሆኖ ሳለ አላስቀመጠችውም።

«ኧረ አርዲት» አለች ማክሲን፣ አሁን ሳትጮህ፤ «በምን ነው የሚፈላው አልሽ?»