እንዳይቃጠል ብዬ

ማብራት ማጥፋቱ ነው የጨረሰው ይላል፣ ማብራት ማጥፋቱ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወልደሰማያት፣ ወንበሬ ላይ ቆሞ፣ የረጅሙን ፍሎረሰንት የጠቆሩ ጫፎች እያየ፣ ጋሽ ቲጃኒ ይሄ እንደ አምፖል አይደለም፣ በበራ በጠፋ ቁጥር ነው ዕድሜው የሚያጥረው፣ ቢተዉት ኖሮ ገና ብዙ ያገለግል ነበር፣ እኔ ደግሞ ሚስቴ ሐጂራ ወደ ጓዳ በገባች ቁጥር ቀጭ፣ ስትወጣም አጥፊው እላታለሁ፣ ልጄ የሰቀለው ነው፣ እስኪመጣ ይቆይልኝ።

ልጄ። ሙሐዲን። ለእናቱ ነበር የሰቀለላት፣ ስፌቷን እንድታይበት፣ ቆጣሪው ላይ ብዙ አይቆጥርም አባ፣ ዓመታት ይቆያል ይለኛል፣ ተንጠራርቶ፣ ሸሚዙ ከቀበቶው ወጥቶ፣ ያ ሳቁ። ወዲያው የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ መጣ፣ የእናት አገር ጥሪ ነው ይላል የቀበሌው ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ እኮ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ ሊሙ ገነት እህቴ ፈድሊያ ዘንድ ሰደድኩት፣ ቡናው ውስጥ ማን ያገኘዋል ብዬ፣ ከድጡ ወደ ማጡ፣ አፈሳው ሲመጣ አገሬው የየራሱን ልጅ ሸሸገ፣ የኔን እንግዳ ከገበያ መሀል ለቅመው ወሰዱት። አብሮ አደጉ ጠሃ ከዚህ ከሰፈራችን ከቦሳ ኪቶ ንቅንቅ አላለም፣ ይኸው በደጄ ያልፋል፣ አሰላሙ አለይኩም አባ፣ ወአለይኩሙ ሰላም፣ ፊቴን አዞራለሁ፣ ጠልቼው አይደለም፣ ያ ረቢ፣ ጠልቼው አይደለም። ልጄ ከአስመራ ወዲያ ነው አሉ፣ ከዚያ በኋላ ወሬ የለም።

ማሎ፣ እባክህ ወልደሰማያት፣ ሌላ አታገኝልኝም ወይ። ጅማ ውስጥ የለም ጋሼ፣ እንግዲህ ከበራ እንዳያጠፉት፣ ከጠፋ መነሳቱን እንጃ። ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ በራ። ወልደሰማያት ወረደ፣ እቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ በቀን መብራት፣ እጄ በልማዱ ወደ ማጥፊያው ይሄዳል፣ ተወው የሙሐዲን አባት ትላለች ሐጂራ፣ በጨለማ ስታስቀምጠኝ አንድም ቀን ቃል ተናግሬህ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ተወው፣ ለኔ ነበር የሰቀለው። ለሷ ነበር። እጄ ወረደ። ይብራ፣ ይቃጠል፣ ይለቅ፣ ነጩ ብርሃን ፊቷ ላይ ነው፣ ስንት ጊዜዬ ነው ቀና ብዬ ካየኋት፣ ጉንጮቿ ገብተዋል፣ ከሻሿ ሥር የወጣው ሁሉ ሽበት ነው፣ ሐጂራ፣ አንቺ ሐጂራ፣ መቼ ነው እንዲህ ያለቅሽው፣ እኔ የት ሆኜ ነው ያላየሁሽ።