ስልክ ሲቋረጥ የሚሰማው ድምፅ

«እስቲ እዚያ ላይ ቁሚ። ያልሽውን ድገሚልኝ» አሉ እናቷ፣ ሽንኩርት የሚልጡበትን ቢላዋ አስቀምጠው።

አበቡ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳትነቅል ደገመችው። «በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ጥሪ በብዙ ጣቢያዎች ያልፋል። ከጣቢያዎቹ አንዱ ከተበላሸ፣ ስልኩን ማንም ባይዘጋውም ጥሪው ይቋረጣል።»

አበቡ የስልክ መስመር ቴክኒሻን ናት። ሥራ በሌላት ቀን ኢንተርኔት ላይ ላለ ነፃ መዝገበ ዕውቀት ስለ ስልክና ስለ ሬዲዮ ሞገድ በአማርኛ ትጽፋለች። አንድ ጽሑፍ ከማውጣቷ በፊት ለእናቷ ለወይዘሮ ደጊቱ ታነብላቸዋለች፤ ፊደል ያልቆጠሩት እሳቸው ከገባቸው ለማንም ይገባል። ዛሬም ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት ከተማ ባለው አፓርታማቸው ወጥ ቤት የተቀመጡት ለዚሁ ነበር።

«ማንም ባይዘጋውም?» አሉ ወይዘሮ ደጊቱ ቀስ ብለው። «እንግዲያው ማንአለብሽ አልዘጋችብኝም ማለት ነው።»

የአበቡ ጣቶች ቀጥ አሉ። አክስቷ ማንአለብሽ ስሟ በዚህ ቤት እምብዛም አይነሳም። እነሱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲመጡ፣ እሷ ከባሏ ጋር ጎንደር ቀረች። ከዓመታት በኋላ አንድ ዓርብ ከጎንደር ቴሌ ደውላ «አንቺማ…» እንዳለች ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ ቱ፣ ቱ፣ ቱ ብቻ። ብዙም ሳይቆይ መርዶዋ መጣ፤ ወባ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ደጊቱ የልብስ ማጠቢያው ማሽን አጥቦ ሲጨርስ ቱ፣ ቱ ባለ ቁጥር ክው ብለው ይቆማሉ።

«እስከ ዛሬ ተቀይማኝ ነው የዘጋችው እላለሁ» አሉ። «‹አንቺማ ትተሽኝ ሄድሽ› ልትለኝ ነበር እያልኩ።»

ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ከአበቡ ፊት ነበር። ብትዘለው እናቷ አያውቁም።

«እማዬ፣ ገና አልጨረስኩም» አለች። ቀጣዩንም አነበበች። «መስመሩ ተበላሽቶ ቢቋረጥም፣ ያኛው ሰው ቢዘጋውም፣ በዚህ በኩል የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው።»

ከደጅ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ቱ፣ ቱ አለ። ወይዘሮ ደጊቱ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ።

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«ያን ጊዜ ስልክ ጣቢያው ውስጥ የነበረው ማሽን ያውቅ ይሆናል። አሁን ግን ማንም።»

«በይ ሰርዥው። እንደኔ ‹ተዘጋብኝ› እያለ የሚኖር ስንት ሰው አለ። ይህን ቢያነብ ምን ያደርግለታል?»

«ከሰረዝኩት ውሸት ይሆናል፣ እማዬ።»

«ዋሺ አላልኩሽም። ዝም በይ ነው ያልኩሽ።» ቢላዋቸውን አንስተው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ዓይናቸው ለምን እንደረጠበ አበቡ አልጠየቀችም።

ጠቋሚውን ዓረፍተ ነገሩ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። አልሰረዘችውም። ከሥሩ ግን ሌላ እውነት ጻፈች፤ «በቀድሞዎቹ መስመሮች፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ጥሪ ማንም ሳይዘጋው መቋረጡ የተለመደ ነበር።» ጽሑፉ በዚህ እንዲያልቅ የቀረውን ሁሉ ወደ ላይ አዛወረችና፣ ሰንበት ሳይገባ አወጣችው።